እጅጌ ቁጥር አርባ

በርጩማ ላይ መውጣት ሰለቻት። ነገሩ ሁሉ ተጠቅልሎ ሲታይ ይኸው ነው። ሰው ሰባት ዓመት የሚከነክነውን ነገር ሠራ ሲባል እሳት የለኮሰ፣ ቤት ያፈረሰ ይመስለናል። የእሷ ግን የጀመረው ከአንዲት ባለ ሦስት እግር በርጩማ ነው።

የስፌት ቤቱ አንድ ረጅም ክፍል ነበር። በመስኮቶቹ በኩል ስድስት የስፌት መኪናዎች ተደርድረዋል፣ መሃሉን የመቁረጫው ጠረጴዛ ይዞታል፣ በስተበሩ በካውያ ይተኮሳል። በጓሮ በኩል ባለው ግድግዳ፣ የካውያው እንፋሎት እንዳይደርስባቸው ከፍ ተደርጎ በተመቱ ምስማሮች ላይ፣ የካርቶን ልኮች ተንጠልጥለዋል፤ የኮሌታ፣ የገላ፣ የኪስ፣ የእጅጌ። ካርቶን ከረጠበ ይጣመማል፤ ልክ ከተጣመመ ደግሞ ልብሱ ሁሉ ይጣመማል። ስለዚህ ልክ የፈለገ ሰው በርጩማ ላይ ወጥቶ ያወርዳል፣ ጨርቁ ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በሳሙና ስባሪ ያሰምራል፣ ማታ ሳይወጣ መልሶ ይሰቅላል። ካርቶን ጠረጴዛ ላይ አያድርም። ሁለተኛው ሕግ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፦ ከተቆረጠው አትቁረጡ፤ ከካርቶኑ ቁረጡ።

ሕጉን ያወጡት የቤቱ ባለቤት ጋሼ ሴንቲ ናቸው። ስሙን ሰፊዎቹ ናቸው ያወጡላቸው፤ «ሴንቲ ቀልድ አይደለም» ሳይሉ ስለማይውሉ። «ጋሼ የሞቱ ቀን ከሬሳ ሳጥኑ ተነስተው ቁመቱን ካልለካሁት ይላሉ» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። እሳቸውም ሰምተው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀል ያደርጉና፣ «ታዲያ እናንተን አምኜ እግሬ ውጭ ሊያድር ነው?» ይላሉ።

እሷን መቀሷ ይሏታል። ገና በሃያ አራት ዓመቷ፣ ከጋሼ ቀጥሎ የቤቱ ቆራጭ እሷ ብቻ ነበረች። መቀስ ይዛ ጨርቅ ላይ ስትሄድ ዘይት የፈሰሰ ይመስላል። ጎበዝ ናት፤ ጎበዝ መሆኗንም ታውቃለች። ችግሩ እዚህ ላይ ነበር።

ሦስተኛው መኪና ላይ የምትቀመጠው ታናሽ እህቷ ናት። ፍንድቄ የተባለችው ሳቅ ስለማይጠፋት ነው። ክር ሲበጠስባት ትስቃለች፤ መርፌ ሲወጋት «ወይኔ፣ በላኝ!» ብላ ትስቃለች። እናታቸው ስትሞት ትልቋ አሥራ አምስት፣ ትንሿ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ትልቋ ፀጉሯን እየጎነጎነች፣ ደብተሯን በአሮጌ ጋዜጣ እየሸፈነች አሳደገቻት፤ ትምህርቷን ስትጨርስም እጇን ይዛ እዚሁ ስፌት ቤት አስገባቻት። ትንሿ በስሟ ጠርታት አታውቅም። «እታለም» ነው የምትላት። እታለም፣ ክሩን አቀብዪኝ። እታለም፣ ራበኝ። እታለም፣ ይሄ ኮሌታ አንገት የሌለው ሰው ላይ እንኳ ያምራል፣ አይደል? ቀኑን ሙሉ እታለም፣ እታለም። አንዳንዴ መቀሷ «ኧረ ጆሮዬን! ትንሽ አሳርፊኝ!» ትላት ነበር። ወይ ነዶ።

እንግዲህ አንድ ቀን አንድ የነርሶች ማሠልጠኛ አርባ ነጭ ጋዎን አዘዘ። ጨርቁ እጥፍ ሆኖ ስለሚዘረጋ በአንድ መስመር ጥንድ እጅጌ ይወጣል፤ እጅጌና ገላ እንዳይቀያየሩም እያንዳንዱ ጥንድ ቁጥር ይጻፍበታል። በመጀመሪያው ቀን መቀሷ ከአንድ እስከ አሥር ያለውን ከካርቶኑ ቆረጠች፣ ካርቶኑን ሰቀለች፣ ወደ ቤቷ ሄደች። በማግስቱ ስትመጣ በርጩማው የለም። በማለዳ አንዷ ሰፊ ቁርሷን ልትበላበት ጓሮ አውጥታው እዚያው ረስታዋለች። ካርቶኑ ከላይ ሆኖ ያያታል። አሥረኛው እጅጌ ደግሞ እዚሁ፣ እጇ ሥር ተኝቷል። «ይሄስ ከካርቶኑ በምን ይለያል? ከራሱ ከካርቶኑ አይደል የወጣው?» አለች በሆዷ።

ከአሥረኛው አሥራ አንደኛውን አወጣች። አሁን ክምሩ ላይ ያለው አሥራ አንደኛው ስለሆነ፣ ከእሱ አሥራ ሁለተኛውን። ከአሥራ ሁለተኛው አሥራ ሦስተኛውን። የሳሙና መስመር የሚሰመረው ከጠርዙ ውጭ ነው፤ በየጊዜው የፀጉር ያህል ይወጣል። የፀጉር ያህል ማን ያየዋል? አንዱን እጅጌ ከፊተኛው ጋር ብታስተያዩት ልክ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይሄ ነው። ቁጥር አርባ ላይ ስትደርስ እጅጌው ከብብቱ ቅድ ሦስት ጣት ይሰፋ ነበር፤ እሷ ግን ጎበዝ ስለሆነች መለስ ብላ አላየችም።

ፍንድቄ የመጀመሪያዎቹን እያንጎራጎረች ገጠመቻቸው። ሃያ ምናምን ላይ ስትደርስ ዝም አለች።

«እታለም፣ ይሄ እጅጌ እምቢ አለኝ።»

«ቀስ ብለሽ አስገቢው። አትሳቢው።»

«አልሳብኩትም እኮ።»

«እንግዲያ እጅሽን ጠይቂው።» ሰፊዎቹ ሳቁ። ፍንድቄም ሳቀች።

ጋሼ ሴንቲ ቁጥር አርባን ሲያነሱት ትከሻው እንደ አሮጊት ከንፈር ተጨማዶ ነበር። ጋዎኖቹ በማግስቱ መድረስ አለባቸው።

«ማነው ይህን የሠራ?»

መቀሷ ያን ጊዜውኑ አወቀች። ይህን ኋላ ራሷን ስትዋሽ እንኳ ልትክደው አልቻለችም። ዓይኗ ሳታዝዘው ወደ ባዶው የበርጩማ ቦታ ሄደ። አፏ ግን ቀደማት።

«ቁርጡ ልክ ነው ጋሼ። ፍንድቄ ናት፤ ስታስገባው ስባዋለች። ደክሟት ነው መሰለኝ።»

ደክሟት ነው። አሳልፋ እየሰጠቻት እንኳ አዘነችላት። ከዓመታት በኋላ ከሁሉ የሚያንገበግባት ይህ ሆነ፤ ውሸቷን ርኅራኄ አልብሳ ማውጣቷ።

ፍንድቄ ቀና ብላ አየቻት። ብትቆጣ ይሻል ነበር። ብትጮህ፣ «አንቺ ውሸታም!» ብትላት፣ ነገሩ እዚያው ፈንድቶ ያልቅ ነበር። እሷ ግን አመነቻት። እታለም ካለች እውነት ነው። ሁለት እጆቿን ገልብጣ አየቻቸውና፣ «ይቅርታ ጋሼ፤ እጄ ነው» አለች።

መቀሷ ጓሮ ወጥታ በርጩማውን አመጣች፣ ካርቶኑን አወረደች፣ ሠላሳ ጥንድ እጅጌ እንደገና ቆረጠች፤ ለእህቷ ጥፋት የምትክስ ደግ እህት መስላ። ሰፊዎቹም «እንዲህ ያለች እህት ለሁሉ ይስጥ» አሉ።

ከዚያ በኋላ የፍንድቄ እጅ ወደ ቦታው አልተመለሰም። ሰፍታ ትፈታለች፤ ፈትታ ትሰፋለች። ከዚያ ሁሉ ሳቅ የቀረው ክር ሲበጠስ «ይሄውላችሁ» የሚል ቃል ብቻ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሻንጣዋን አዘጋጀች።

«እታለም፣ እኔ ለስፌት አልተፈጠርኩም። አንቺንም በሰው ፊት አሳፈርኩሽ።»

ትልቋ ልትናገር አፏን ከፈተች። የወጣው «ስትደርሺ ደውዪ» የሚል ነው።

ፍንድቄ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ከተማ የልብስ ማጠቢያ ቤት ገባች። መጀመሪያ በየሳምንቱ ትደውል ነበር፣ ኋላ በየወሩ፣ ኋላ ለዓመት በዓል። «እታለም» የሚለው «እህቴ» ሆነ፤ «እህቴ» ደግሞ «ሰላም ናችሁ?» ሆነ። ትንሿ አሳፍሬያታለሁ ብላ ትሸሻለች፤ ትልቋ ከድምጿ ትሸሻለች። ሁለት ሰው በአንድ መንገድ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲሸሽ መሃሉ ምን ያህል እንደሚሰፋ የሚያውቅ ያውቀዋል።

መቀሷ አገባች፤ ባሏ ግንበኛ ነው። ሴት ልጅ ወለደች። ሥራዋም ቀናላት። ሦስተኛው መኪና ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠ፤ ጨዋ፣ ዝምተኛ፣ ክር ሲበጠስባት ምንም የማትል። አንዳንድ ከሰዓት መኪናዎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ የሚያርፉበት ቅጽበት አለ። ያን ጊዜ መቀሷ ቀና ትላለች፤ አንድ ሰው የሚጠራት ይመስላታል። መንገድ ላይ አንዷ ልጅ እህቷን «እታለም!» ብላ ከጠራች ዞር ትላለች። የእሷ አለመሆኑን እያወቀች።

ይህን ሁሉ ናፍቆት ትለዋለች እንጂ ኃጢአት አትለውም። በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። ሰባኪው ስለ ኃጢአት ሲያነሳ ጎረቤቷ ሰካራሙ ትዝ ይላታል፣ ሚዛን የምታሳስተው ባለሱቅ ትዝ ትላታለች። «ይሄንን እነሱ በሰሙት» ትላለች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አይደል ተረቱ? አልገደለች፣ አልሰረቀች፣ ቤቷን አክባሪ። ያቺ ነገር? ያቺ ስህተት ናት፤ አንድ ቃል። ከስንቱ ሰው እሷ ትሻላለች!

ታዲያ አንድ ጠዋት ልጇ ኩባያ ሰበረች። አራት ዓመት ተኩሏ ነው። ስብርባሪው መሃል አሻንጉሊቷን አቅፋ ቆማለች።

«ማን ሰበረው?» አለች እናት።

«አሻንጉሊቷ ናት።»

«አሻንጉሊቷ?»

ልጅቷ የአሻንጉሊቷን ጭንቅላት ደባበሰችና በሐዘኔታ፣ «አትቆጫት። ደክሟት ነው» አለች።

አባትየው ከመኝታ ቤት ሰምቶ በሳቅ ፈረሰ። «ጠበቃ ነው የወለድሽልኝ አንቺ!»

መቀሷ ግን መጥረጊያውን እንደያዘች ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ያቺን ቃል ለማንም ነግራ አታውቅም። ለባሏም፣ በጸሎቷም። ይቺ ልጅ ከየት አመጣቻት? ማንም አላስተማራትም፤ እንደ አገጯና እንደ ቅንድቧ ይዛው የመጣች ነው የሚመስለው። ክፋት ከውጭ መጥቶ እንደ አቧራ የሚያርፍ፣ ጠንቀቅ ያለ ሰው የሚያራግፈው ነገር ይመስላት ነበር። አሁን ግን አራት ዓመት ተኩል ባላት፣ ወተት ወተት በምትሸት ልጅ አፍ ውስጥ የራሷን ድምፅ ሰማች። ይሄ ከእኔ ከሆነ የወጣው፣ እኔስ ከማን ነው የተቆረጥኩት?

በዚያው ወር ጋሼ ሴንቲ ሥራ ሊያቆሙ ሆነ። ዓይናቸው ደክሟል፤ እግራቸውም ደረጃ እምቢ ብሏል። ቤቱን እሷ እንድትይዘው ወስነው፣ አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሰፊዎቹ ሲሄዱ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ያስረክቧት ጀመር። በርጩማው ላይ የወጣችው እሷ ናት፤ እሳቸው ከታች ሆነው ይቀበላሉ። የእጅጌውን ካርቶን ስታነሳው ከኋላው፣ እዚያው ምስማር ላይ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ተንጠልጥሏል። ለዓመታት ካርቶኑን ያወረደች ጊዜ ሁሉ አይታው፣ የጋሼ አሮጌ ልክ ነው ብላ ትታዋለች።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«እሱን አውርጂው። ፍቺው።»

ፈታችው። ነጭ የጋዎን እጅጌዎች ናቸው፤ ከአሥራ አንድ እስከ አርባ፣ በራሷ እጅ ቁጥር የተጻፈባቸው። ጋሼ ጠረጴዛው ላይ በተራ ደረቧቸው። አሥራ አንድ ከላይ፣ አርባ ከታች። የሁሉም ጠርዝ አንዱ ከአንዱ ሥር ብቅ ብሎ እንደ ደረጃ ወረደ።

«እጅ ሲደክም ሥርዓት የለውም» አሉ ጋሼ። «አንዱ ይሰፋል፣ አንዱ ይጠባል፣ አንዱ ልክ ይመጣል። ይሄ ግን እይው፤ በሥርዓት ነው የተጣመመው። ይሄ የሰፊ ጥፋት አይደለም።»

በርጩማው ላይ ተቀመጠች። «መቼ አወቁ?»

«ያን ዕለት። እናንተ ምሳ ስትሄዱ ለካኋቸው።»

«ያን ዕለት! ታዲያ እንዴት ዝም አሉ?»

መነጽራቸውን አወለቁ። ያለ መነጽር ፊታቸው የሌላ ሰው ነው የሚመስለው። «ቆራጭ አንቺ ብቻ ነበርሽ። ሰፊ በየመንገዱ ይገኛል። ዛሬ ጋዎኑ ይድረስ፣ ነገ እናገራለሁ አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ። ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ በዚህ በር ስትወጣ ‹እግዜር ይከተልሽ› ብዬ ሸኘኋት። እኔ! ሴንቲ ቀልድ አይደለም የምለው ሰውዬ! ከዚያ ወዲህ ልቤ ሲጠይቀኝ ‹እኔ ዝም ብቻ ነው ያልኩት፤ የዋሸችው እሷ ናት› እለዋለሁ። በአንቺ ስለካ ልክ ነበርኩ። አንቺስ በማን ነበር የምትለኪው?»

«በጎረቤቴ» አለች። ሳቅና እንባ ባንድ ላይ መጣባት። «በሰካራሙ።»

«አየሽ? እሱም በሌላ ሰካራም ይለካል። አዳም ‹ሴቲቱ ናት› አለ፣ ሴቲቱ ‹እባቡ ነው› አለች...»

«ልጄ ደግሞ ‹አሻንጉሊቷ ናት› አለች።»

ጋሼ ትንሽ ፈገግ አሉ። «ይኸው ነው። አንዳችን ከአንዳችን ላይ እየተቆረጥን መጣን። ከፊተኛው ጋር ስንተያይ ልክ እንመስላለን፤ ስለዚህ ማንም አይደነግጥም። ካርቶኑ ሲመጣ ነው ጉዱ የሚወጣው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል ጋሼ? አርባን እኮ በሠላሳ ዘጠኝ ማስተካከል አይቻልም።»

«አይቻልም። እኛማ በርጩማው ላይ መውጣት ሰለቸን። ልኩ ራሱ ነው ወርዶ ጠረጴዛችን ላይ የተኛልን። እኔ ቄስ አይደለሁም፤ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ክርስቶስን ሳስበው ግን እንዲህ ነው የማስበው። ደግሞ ልኩ መጣ ማለት ጨርቁ ይጣል ማለት አይደለም። እጅጌ የሰፋ እንደሆነ ይዳናል እንጂ አይቃጠልም። ትርፉ ግን መሄድ አለበት። መቀሱ ያማል።» መነጽራቸውን መለሱ። «የእኔን እኔ እደውልላታለሁ፤ ከአንቺ በኋላ። በአንቺ ጀርባ መደበቅ ይበቃኛል።»

እቤት ሄዳ ለባሏ ነገረችው። ግንበኛው፣ «መሠረቱ ላይ የተዛባ ግድግዳ በልስን አይቃናም። ሂጂ» አለ። ቀጥሎም፣ «ልጅቷን ይዘሻት ሂጂ። ጠበቃ ያስፈልግሻል።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማለዳ እናትና ልጅ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ቁጥር አሥራ አንድና ቁጥር አርባ ቦርሳዋ ውስጥ ናቸው። መንገዱን ሙሉ የምትናገረውን ስታስተካክል፣ ስትደልዝ፣ እንደገና ስታስተካክል ሄደች። ያስፈራት መሰደቡ አልነበረም። ይህን ከሰማች በኋላ ፍንድቄ ስልኩንም ብትተወውስ? አሁን ያላት በዓመት ሦስት ጊዜ «ሰላም ናችሁ?» ነው። እሱም ቢሆን የእህቷ ድምፅ ነው። እውነቱን ለመናገር ያቺኑ የቀረቻትን ይዛ ነው የምትሄደው፤ ልትቆምርባት።

የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ከመናኸሪያው ጀርባ ነበር። ማሽኖቹ ይጮሃሉ፣ ወለሉ ርጥብ ነው፣ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ የሆቴል አንሶላ እንደ ተራራ ተከምሯል። ፍንድቄ ከተራራው ጀርባ ብቅ አለች። ከስታለች። እጆቿ ውሃ የበላቸው፣ ነጭ፣ የተሸበሸቡ ናቸው።

«ምነው ሳትደውዪ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«እና...?» ልጅቷን አየቻት። በፎቶ እንጂ በአካል አይታት አታውቅም። «ይቺ ናት? ወይ ጉድ! አገጯን እዩት፣ የእናታችን!» ጎንበስ ብላ ሳመቻት፤ እህቷን ግን እንደ ሩቅ እንግዳ ጉንጭ ለጉንጭ ነካ አደረገቻት።

መቀሷ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት። ቦርሳዋን ከፈተችና ሁለቱን እጅጌዎች አንሶላው ላይ አስቀመጠች። ፍንድቄ ቁጥሩን አየች። ምን እንደሆኑ ገባት፤ ፊቷ ጠቆረ። «ይሄን ልታሳዪኝ ነው የመጣሽው?»

«ደርቢያቸው።»

አንዱን በአንዱ ላይ ደረበች። ጣቷ በጠርዙ ዙሪያ ቀስ ብሎ ሄደ፤ ስፌቱ ያለፈበትን ፈለገ፣ የክሩን ቀዳዳ ዳሰሰ፣ ጨርቁን በሁለት ጣት ይዞ ወጠረው። የሰፊ እጅ ነው፤ ሰባት ዓመት ውሃ ውስጥ ቢከርምም አይረሳም።

«ይሄ አልተሳበም» አለች።

«አልተሳበም።»

«ሲቆረጥ ነው።»

«እኔ ነኝ። ከካርቶኑ መቁረጥ ትቼ ከተቆረጠው ቆረጥኩ። ጋሼ ሲጠይቁ ያን ሰዓት አውቄው ነበር። አውቄ ነው አንቺ ነሽ ያልኩት።»

«በርጩማው ጓሮ ወጥቶ ነው እንጂ» የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። ትርፉ ይሄ ነው፤ መቆረጥ ያለበት። ጋሼ እንዳሉት ያማል።

አንዱ ማሽን መሽከርከሩን ጨርሶ ቆመ። ፍንድቄ እጆቿን አነሳቻቸው፤ እንደዚያን ቀን ገልብጣ አየቻቸው።

«ሰባት ዓመት ይሄን እጅ ጠልቼዋለሁ» አለች። «ቁልፍ እንኳ ተክዬበት አላውቅም። የራሴን ቁልፍ ሰው ነው የሚተክልልኝ። ያሳፈርኩሽ መስሎኝ... እኔ እኮ ላንቺ ነበር የማለቅሰው!»

«ይቅር በዪኝ።»

«ቆይ። አትንኪኝ አሁን። ሂጂም አልልሽ። ዝም ብለሽ ቆይ።»

አንሶላ የሞላ ቅርጫት አንስታ ወደ ግቢው ወጣች። በበሩ በኩል ይታያል፤ ገመዱ ላይ አንዱን አንሶላ ትሰቅላለች፣ ቀጥላ ሌላውን፣ እስክትሸፈን ድረስ። ከዚያ ጥላዋ ብቻ ቀረ። ጥላው ብዙ ጊዜ አልተንቀሳቀሰም።

ልጅቷ የእናቷን ቀሚስ ጎተተች። «እማዬ፣ ተቆጣችን?»

«እኔን ነው።»

«ምን ሰበርሽ?»

«ብዙ ነገር።»

ልጅቷ አሰበችበት። «አሻንጉሊቷ ናት በያት።»

«አይሆንም የኔ ልጅ። እኔ ነኝ።»

ልጅቷ አሻንጉሊቷን አየቻት፣ እናቷን አየቻት።

ፍንድቄ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፤ ፊቷን ታጥባለች። ጠረጴዛው አጠገብ ቆመች። ዓይኗ በልጅቷ ቀሚስ ጫፍ ላይ አረፈ። ጠርዙ ተፈትቶ ተንጠልጥሏል።

«ይሄን ማን ነው የሰፋው?»

«እኔ።»

«ያስታውቃል። ቆራጭ ሲሰፋ እንዲህ ነው፤ እንደ ድንኳን!»

መቀሷ መሳቅ ፈለገች፤ አልደፈረችም። «ጋሼም ይደውሉልሻል። የራሳቸው የሚናገሩት አላቸው።»

«እሳቸውም?»

«እሳቸውም።»

«ታዲያ ከእናንተ መሃል ደህናው ማነው?»

«ማንም።»

ፍንድቄ ራሷን ነቀነቀች። ከጠረጴዛው መሳቢያ፣ ከደንበኞች ልብስ የወደቁ ቁልፎች ከሚጠራቀሙበት ቆርቆሮ ውስጥ፣ አንድ መርፌ አወጣች። ክሩ በሦስተኛው ሙከራ ገባላት። ልጅቷን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አቁማ፣ ጎንበስ ብላ ጠርዙን አጠፍ አደረገች። አንድ ሰፋች። ሁለት። በአምስተኛው ላይ የሰፋችውን በጥፍሯ ደባበሰችው፤ አልፈታችውም። ሌላ ሁለት ጨመረች። ከዚያ እጇ ቆመ።

«በቃኝ ለዛሬ» አለች። መርፌውን ከነክሩ እዚያው ጠርዙ ላይ ሰካችው።

መናኸሪያው ድረስ ሸኘቻቸው። መንገዱን ሁሉ የምታወራው ከልጅቷ ጋር ነው፤ ከእናትየው ጋር ስለ አውቶቡሱ ሰዓት ብቻ። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን፣ ወደ መንገዱ እያየች፣ «ያ የእጅጌ ካርቶን አለ?» አለች።

«አለ። እንደነበረ አለ።»

«አልተጣመመም?»

«አልተጣመመም። የተጣመምነው እኛ ነን።»

«ስትመጪ ይዘሽው ነይ። ልየው ብዬ ነው። በሉ ግቡ፣ ሊሄድባችሁ ነው።»

መቀሷ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። አውቶቡሱ እስኪነሳ ድረስ ጠበቀች፤ ፍንድቄም ከታች ቆማ ጠበቀች። «እታለም» ግን አላለቻትም። አውቶቡሱ ሲዞር እጇን ብቻ አነሳች፤ አነሳችና፣ እንደ ባዕድ ሰው እጅ፣ ትንሽ ቆም ብላ አየችው።

ልጅቷ ጭኗ ላይ ተኛች። መቀሷ መርፌው እንዳይወጋት ጠርዙን በሁለት ጣቷ ይዛ ግማሽ ቀን ተጓዘች።

ሰኞ ልጅቷ ያንን ቀሚስ ልልበስ ብላ አለቀሰች። «አክስትሽ ስትጨርሰው» ተባለች። ቀሚሱ አሁን ስፌት ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከእጅጌው ካርቶን ጎን፣ ሰባት ስፌት ተሰፍቶ መርፌው እንደተሰካበት ተሰቅሏል። ካርቶኑንና ቀሚሱን ይዘው ወደ አክስቷ የሚሄዱበት ቅዳሜ ሩቅ አይደለም። መኪናዎቹ ባንድ ጊዜ የሚያርፉበት ቅጽበት ሲመጣ መቀሷ አሁንም ቀና ትላለች፤ በርጩማው ከግድግዳው ሥር መኖሩን ታያለች፣ ካርቶኑንና ቀሚሱን ታያለች፣ ወደ በሩም ታያለች።